«ኤንጂ» ወደ «ኤፍ» ሲቀየር ጥፋቱ የማን ነው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሴሚስተር ውጤት በሚለቀቅበት ሰሞን በየዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በር ላይ ከሚሰለፉት ተማሪዎች መካከል ፈተና ያልወደቁ፣ ነገር ግን ውጤት ያልተሞላላቸው ልጆች ጠፍተው አያውቁም። በአንዳንዶቹ የውጤት መግለጫ ላይ «አይ» (ያልተሟላ)፣ በሌሎቹ ላይ ደግሞ «ኤንጂ» (ውጤት የለም) ተጽፎ ይታያል። እኔ በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ለዓመታት ያስተማርሁ፣ በትምህርት ክፍል ጉባኤም ውጤት በሚጸድቅባቸው ስብሰባዎች የተቀመጥሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ኑሮዬ ደሴ ስለሆነ በአካባቢያችን ከሚማሩትም ሆነ ከወሎ ወጥተው በሌላ ክልል ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ ማመልከቻ እንዳነብላቸው ወይም እንዳርምላቸው ይመጣሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእነዚያ ማመልከቻዎች ውስጥ ሁልጊዜ ስለሚመላለስ አንድ ጉዳይ ነው። ያልተሟላ ውጤት ቀነ ገደቡ ሲያልፍ «ኤፍ» እንዲሆን የሚያዝዘው ደንብ የሚቆጥረው የተማሪውን ቀን ብቻ ነው፤ የመምህሩንና የጽሕፈት ቤቱን ቀን የሚቆጥርላቸው የለም።

ጉዳዩን በቅርብ ለማያውቁ አንባቢዎች አሠራሩን ባጭሩ ልግለጽ። «አይ» የሚመዘገበው ተማሪው ትምህርቱን ሲከታተል ቆይቶ በሕመም፣ በቤተሰብ ሞት ወይም ከአቅሙ በላይ በሆነ ሌላ ምክንያት ከኮርሱ የቀረ ነገር ሲኖርበት፣ ለምሳሌ የማጠቃለያ ፈተናውን ሳይፈተን ወይም የፕሮጀክት ሪፖርቱን ሳያስረክብ ሲቀር ነው። «ኤንጂ» ግን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሳይጣራ ውጤት ከሌለው ስም ፊት የሚቀመጥ ነው፤ ተማሪው ከፈተና ቀርቶ ይሆናል፣ መምህሩ ውጤቱን ሳያስገባ ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም የተማሪው ስም ከኮርሱ ምዝገባ ዝርዝር ተዘልሎ ይሆናል። አጠቃቀሙ ከተቋም ተቋም የሚለያይ ቢሆንም በብዙዎቹ የሴኔት (የዩኒቨርሲቲው የበላይ የአካዳሚክ ጉባኤ) ደንቦች ዘንድ ሁለቱም መጨረሻቸው አንድ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ በተወሰኑ ሳምንታት ውስጥ ካልተስተካከሉ «ኤፍ» ይሆናሉ።

የጊዜ ገደብ መኖሩን አልቃወምም። ገደብ ባይኖር ኖሮ ተማሪው ያቋረጠውን ሥራ ከዓመት ዓመት እያስተላለፈ በምረቃ ዋዜማ ሊያራግፈው ይሞክር ነበር፤ መምህሩም ከሁለት ዓመት በፊት ያስተማረውን ኮርስ ጥያቄ እንደገና እንዲያወጣ፣ የተማሪውንም ተከታታይ ምዘና ከየት እንዳስቀመጠው እንዲፈልግ ይገደድ ነበር። ቅሬታዬ ገደቡ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ተማሪው ጥፋተኛ በሆነበት ጉዳይና ተቋሙ ጥፋተኛ በሆነበት ጉዳይ መካከል ደንቡ ልዩነት አያደርግም፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን «ኤፍ» ያደርጋቸዋል።

በቅርብ ያየሁትን አንድ ጉዳይ ላቅርብ። ከደላንታ የመጣች የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የማጠቃለያ ፈተናዋን ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በቀኑ ተፈተነች። ኮርሱን ያስተማረው መምህር የአንዱን ሴክሽን ውጤት አስገብቶ የእርሷን ሴክሽን ሳያስገባ ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ሄደ። የመልስ ወረቀቶቹ በቢሮው ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉ ከመምህሩ ጋር ሄዷል። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ቁም ሣጥኑን ለማስከፈት የዲኑን ደብዳቤ ጠየቁ፤ ዲኑ ንብረት ክፍል በተገኘበት ኮሚቴ ይክፈተው አሉ፤ ኮሚቴው ሊቋቋም ሳምንታት ፈጀ። ልጅቱ በዚህ ሁሉ መካከል ማመልከቻዋን በየሁለት ቀኑ ይዛ ስትመላለስ የሚሰጣት መልስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ነበር። ወረቀቱ ተገኝቶ ሲታረም ጥሩ ውጤት አላት፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ቀነ ገደቡ አልፎ፣ በሥርዓቱ ላይ «ኤፍ» ሰፍሮ ነበር። የተመዘገበ ውጤት ለማስለወጥ ደግሞ ሌላ ቅጽ፣ ሌላ ጉባኤ፣ ሌላ ፊርማ ያስፈልጋል። የዘገየው መምህር አልተጠየቀም፤ የዘገየው ጽሕፈት ቤትም አልተጠየቀም። ለምን በወቅቱ እንዳላስተካከለች በጽሑፍ እንድታስረዳ የተጠየቀችው እርሷ ነበረች።

«ኤፍ» መሆኑ ምን ያመጣል? ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ተማሪ በሴሚስተሩ እያንዳንዳቸው 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) የሆኑ ስድስት ኮርሶች ወሰደ እንበል፤ ድምሩ 30 ነው። በአምስቱ ኮርሶች «ቢ» ቢያገኝና ስድስተኛው ያልተሟላ ሆኖ ቢቆይ፣ ያልተሟላው በስሌት ስለማይገባ አማካይ ነጥቡ 3.00 ነው። ስድስተኛው «ኤፍ» ሲሆን ግን ዜሮ ሆኖ ይቆጠርና አማካዩ ወደ 2.50 ይወርዳል። የደካማው ተማሪ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። በአምስቱ ኮርሶች «ሲ» ያገኘ ልጅ አማካዩ 2.00 ሆኖ ሳለ፣ ያችው አንዲት «ኤፍ» ወደ 1.67 ታወርደዋለች፤ ያን ጊዜ የማስጠንቀቂያ ወይም የስንብት ጉዳይ ይነሣል። ያልወደቀውን ኮርስ እንደወደቀ ተቆጥሮ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ የሚቆም ተማሪ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ነጥቡ ብቻም አይደለም። ብዙ የኢንጂነሪንግ፣ የጤናና የተፈጥሮ ሳይንስ ኮርሶች ቅድመ ሁኔታ ያላቸው ናቸው፤ የመጀመሪያውን ያላለፈ ሁለተኛውን አይመዘገብም። አብዛኞቹ ኮርሶች ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጡ፣ በመስከረም ያመለጠ ኮርስ የሚገኘው በመስከረም ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በሙሉ የመውጫ ፈተና ወስደው ከመቶ 50 እንዲያመጡ መደረጉ ጉዳዩን የበለጠ አክብዶታል። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ፣ በመጨረሻው ሴሚስተር አንድ ያልተሟላ ውጤት ይዞ ከዕጩዎች ዝርዝር የወጣ ተማሪ ጓደኞቹ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እርሱ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል። ለዚህ የሚዳርገው ጥፋት አንዳንድ ጊዜ በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ከመዘለሉ የበለጠ አይደለም።

በቀን መርሐ ግብር የሚማረው ተማሪ ቢያንስ ምግቡና መኝታው አለው፤ ምንም እንኳ የተጨመረው ጊዜ በወጪ መጋራት ዕዳው ላይ የሚደመር ቢሆን። በሳምንት መጨረሻና በማታ የሚማሩት ግን በየኮርሱ ከኪሳቸው ከፍለው የሚማሩ፣ ብዙዎቹም ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሠራተኞች ናቸው። እነርሱ ኮርሱን ሲደግሙ ክፍያውንም ይደግማሉ። ጥፋቱ የተቋሙ ሆኖ ሲገኝ እንኳ ገንዘቡ የሚመለስበት አሠራር አላጋጠመኝም።

ወደ ማስረጃው ጉዳይ ልምጣ፤ የወሎ ልጆች በተለይ የሚጎዱት እዚህ ላይ ይመስለኛልና። ደንቡ በሕመም ለቀረ የሐኪም ማስረጃ፣ በሐዘን ለቀረ ደግሞ ከሚመለከተው አካል የተጻፈ ደብዳቤ ይጠይቃል። መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን አባቱ ሞቶ ከጅማ ወደ ደቡብ ወሎ ቦረና ወረዳ የመጣን ልጅ እናስብ። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ ወዲያ ወደ ቦረናዋ ከተማ መካነ ሰላም ገና ረጅም መንገድ አለ። መንገዱ ሰላም ከሆነ እንኳ ሲሄድ ሁለት ሦስት ቀን፣ ሲመለስም እንዲሁ ነው። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ሣልስቱ ሳይወጣ ወይም ሰደቃው ሳይበላ ተነሥቶ ይሂድ ቢባል የሚሰማው ዘመድ የለም። ቀበሌው ተዘግቶ ሊቀ መንበሩ ሲጠፋ ልጁ በእጁ ይዞት የሚመለሰው የቅሬ (በወሎ የዕድር ስም ነው) ዳኛው የጻፉለትን ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ሬጅስትራር ሲደርስ «ክብ ማኅተም የለበትም» ተብሎ ይመለሳል። በወሎ ገጠር ማን መቼ እንደሞተ፣ ማን ቀብር እንደቆመ ከቅሬው የበለጠ የሚያውቅ እንደሌለ ለማንም የአካባቢው ሰው ግልጽ ነው፤ ይህንን የሚያውቁ መምህራንና ኃላፊዎችም በየተቋሙ ሞልተዋል። ዕውቀታቸው ግን ደንቡ ውስጥ አልገባም።

መንገድ መዘጋቱንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል ውስጥ በፀጥታ ምክንያት መኪና ሳይንቀሳቀስ የቆየባቸው፣ ኢንተርኔትም ለወራት የተቋረጠባቸው ጊዜያት እንደነበሩ የሚታወቅ ነው። ከሰሜን ወሎ ገጠር ለፈተና የተነሣ ተማሪ መንገድ ላይ ለመቆየቱ ምን ማስረጃ ሊያመጣ ይችላል? የአውቶቡስ ትኬት? አውቶቡሱ አልተነሣም እኮ። እንዲህ ባለ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ራሱ መንገዱ መዘጋቱን ከአካባቢው አስተዳደር አጣርቶ ከዚያ አቅጣጫ የሚመጡትን ተማሪዎች በሙሉ በአንድ ውሳኔ «አይ» እንዲያገኙ ማድረግ ይችላል። እያንዳንዱ ልጅ በየግሉ ደብዳቤ ፍለጋ እንዲንከራተት ማድረግ ለጽሕፈት ቤቱም ቢሆን ሥራ ማብዛት ነው።

በሌላው ወገን ያለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ራሴም በስብሰባዎቹ ላይ ስሰማው ቆይቻለሁና። ለፈተና ያልተዘጋጀ ተማሪ በማለዳ ክሊኒክ ሄዶ «ሆዴን» ብሎ ወረቀት የሚያወጣበት፣ ከዚያም አልፎ በፎቶ ኮፒ ቤት የተሠራ የሐኪም ማስረጃ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ለማካካሻ ፈተና አዲስ ጥያቄ ማውጣት፣ ፈታኝ መመደብ፣ ማረም በመምህሩ ላይ የሚጨመር ሥራ ነው፤ ይህን የሚያህል ሥራ ግን በማስተማር ጭነት ስሌቱ ውስጥ ሲታሰብለት አላየሁም። በቀኑ ተገኝተው የተፈተኑት ተማሪዎችም ቅሬታ አላቸው፤ ዘግይቶ የተፈተነው የጥያቄውን ጠባይ ከእነርሱ ሰምቶ ይገባል ይላሉ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ሆኖም የሐሰት ማስረጃ የሚያቀርበውን ለመያዝ መፍትሔው ማስረጃውን ማጣራት ነው፤ የቀኑን ገደብ ማጥበብ ሐሰተኛውን አይነካውም። እንዲያውም ሐሰተኛው ወረቀቱን አስቀድሞ ስለሚያዘጋጅ በቀነ ገደቡ ውስጥ የሚደርሰው እርሱ ነው። የሚዘገየው በእውነት የታመመውና በእውነት የቀበረው ነው።

የማካካሻ ፈተናው ጉዳይ ለብቻው ብዙ የሚያነጋግር ስለሆነ እዚህ አላስረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ተከታታይ ምዘና የውጤቱን ትልቅ ክፍል በሚይዝባቸው ኮርሶች ተማሪው አንድ አጭር ፈተና ወይም አንድ የቤተ ሙከራ ሪፖርት ስለጎደለው ብቻ መላው ኮርስ ያልተሟላ የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም። በተለይ የቤተ ሙከራው መሣሪያ ተበላሽቶ ወይም ኬሚካል አልቆ ልምምዱ ላልተሰጠበት ቡድን።

ይህ ሁሉ በወሎ አዲስ ነገር አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የተጀመረው ሴሚስተር በመሀል ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ከጥቅምት 20 ገደማ ጀምሮ ከተሞቹ ለሳምንታት በተያዙበት፣ ወልድያም ከዚያ ቀድማ ለወራት በተያዘችበት ጊዜ በወሎና በወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ምን ያህል ዘረፋና ውድመት እንደደረሰ በአደባባይ የተነገረ ነው። እንዲህ ባሉ ጊዜያት ማንም ተማሪውን «ቀነ ገደብ አለፈብህ» ሊለው አልቻለም፤ ተቋማት ሲፈልጉ ገደብን ማራዘም፣ የጎደለን ምዘና በሌላ መተካት፣ የትምህርት ዘመኑን አቆጣጠር እንኳ መለወጥ እንደሚችሉ ያን ጊዜ አሳይተዋል። ያኔ ለሺዎች በአንድነት የተደረገው ለአንዲት የደላንታ ልጅ በግሏ የማይደረግበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከዚያ ዘመን ልንወስደው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የመልስ ወረቀት በአንድ ቁም ሣጥን፣ የተከታታይ ምዘና ውጤት በአንድ መምህር ላፕቶፕ ወይም ፍላሽ ላይ ብቻ ሊቀመጥ አይገባም። መምህሩ የእያንዳንዱን ምዘና ውጤት እንደታረመ ወዲያውኑ ለትምህርት ክፍሉ ቢያስረክብ፣ መምህሩ ለትምህርት ቢሄድም፣ ቢታመምም፣ ሥራ ቢለቅም ኮርሱ ሰው አያጣም፤ ሌላ መምህር ካለበት ቦታ ይቀጥለዋል። ለዚህ አዲስ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። የተፈረመበት አንድ ቅጂ በኃላፊው ቢሮ መኖሩ ይበቃል።

ደንቡን ማሻሻል ከአዲስ አበባ መመሪያ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይመስለኝም። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የየተቋሙ የአካዳሚክ ጉዳይ የሚወሰነው በራሱ ሴኔት ነው፤ የ«አይ» እና የ«ኤንጂ» አንቀጾችም የሚገኙት በዚያው በሴኔቱ ደንብ ውስጥ ነው። ስለዚህ በወሎ የሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያለውም፣ ወልድያ ያለውም፣ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ያለው መቅደላ አምባም ቢሆን፣ በየራሳቸው ጉባኤ ሊያነሡት ይችላሉ።

ቢታይ የምለው ይህን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ «ኤንጂ» ሲመዘገብ ምክንያቱ አብሮ ይጻፍ፤ ተማሪው ከፈተና በመቅረቱ ነው ወይስ ውጤቱ ሳይገባ በመቅረቱ ነው የሚለው ካልተለየ ቀን መቁጠር አይጀመር። ምክንያቱ የመምህሩ ወይም የጽሕፈት ቤቱ ከሆነ ያ ውጤት በምንም ምክንያት በራሱ ወደ «ኤፍ» አይቀየር፤ ይልቁንም ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቀነ ገደብ ይሰጠው፣ ካላስተካከለም ጉዳዩ ስሙ ተጠቅሶ ወደ ዲኑ ይሂድ። ተማሪው ማመልከቻውን ካስገባበት ቀን ጀምሮ ደግሞ የእርሱ ቀን መቆጠሩን ያቁም። ማመልከቻ ሲቀበሉ ቀንና ፊርማ ያለበት ቅጂ መስጠት ግዴታ መሆን አለበት፤ ዛሬ ግን ማመልከቻው ተቀባይ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና «ነገ ና» ይባላል፤ ተማሪው በቀነ ገደቡ ውስጥ ማመልከቱን በኋላ ማስረዳት ይሳነዋል። በዚህ መካከል ተማሪው ተከታዩን ኮርስ በጊዜያዊነት ተመዝግቦ እንዲከታተል ቢፈቀድለት፣ ቀድሞ የወሰደው ኮርስ ውጤት ሲገባለት ካለፈ ይጸናለታል፣ ካላለፈ ይሰረዝበታል፤ ማንም አይጎዳም።

የማስረጃውን ዝርዝር በተመለከተ ከጤና ጣቢያ የተጻፈ ወረቀት ከሆስፒታል እንደተጻፈው፣ የቅሬ ወረቀትም ሁለት የአካባቢ ሽማግሌዎች ሲፈርሙበት እንደ ቀበሌው ደብዳቤ ተቀባይነት እንዲያገኝ፣ ጥርጣሬ ሲኖር ግን ተቋሙ በስልክ ደውሎ እንዲያጣራ በግልጽ ቢጻፍ በየጊዜው የሚነሣው ክርክር ይቀንሳል። ወረቀቱ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ተማሪው በዲሲፕሊን ይጠየቅ፤ በዚህ ላይ ርኅራኄ አልጠይቅም።

ደንቡ እስኪሻሻል ድረስ ለተማሪዎች የምመክረው፣ የመልስ ወረቀታቸውን ሲያስረክቡ የመገኘት መዝገቡ ላይ መፈረማቸውን፣ በሴሚስተሩ መጀመሪያም የምዝገባ ማረጋገጫቸው ላይ ሁሉም ኮርስ መኖሩን እንዲያዩ ነው። ለወላጆችም ቢሆን፣ ልጃችሁ «ኤንጂ አለብኝ» ሲላችሁ አልተማረም ብላችሁ አትቆጡት፤ መጀመሪያ ምክንያቱን ጠይቁት፤ ማመልከቻ ማስገባቱንና ቅጂ መያዙንም አረጋግጡ። ጋዜጣችሁም በወሎ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች የሬጅስትራር ኃላፊዎች በዚህ ላይ አሠራራቸውን እንዲያብራሩ ገጹን ቢፈቅድላቸው፣ ምላሻቸውን በደስታ አነባለሁ፤ በተለይ በሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ ዋዜማ ቢወጣ ጉዳዩ ያለባቸው ተማሪዎች ቀኑ ሳያልፍባቸው ያገኙታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የቀድሞ መምህር
ደሴ